ኤችጄ47 ላንድክሩዘርን ለጥንታዊ መኪኖች የበረሃ ራሊ ማሰናዳት፦ ከባሕር ዳር ሆኖ ከምን ይጀመራል?

ጣና_ዳር47 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ያለ የ1982 ሥሪት ኤችጄ47 ላንድክሩዘር ልናሰናዳ ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቧቸው)። ረጅሙ ሃርድቶፕ ነው፤ ሞተሩ ቱ ኤች ናፍጣ፣ 6 ሲሊንደር፣ 3980 ሲሲ፣ ካምቢዮው ባለ 4 ማርሽ። ያሰብነው የዳካር ክላሲክ ዓይነት ውድድር ነው። ይኸ ውድድር በ1978 መጨረሻ ከፓሪስ የተነሣውን የመጀመሪያውን ፓሪስ–ዳካር ዘመን መልሶ ለማምጣት በ2021 ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ ሲጀመር ከ2000 በፊት ለተሠሩ መኪኖች ነበር የተከፈተው። ነጥብ የሚሰጠው ቀድሞ ለገባ አይደለም፤ የተሰጠውን አማካይ ፍጥነት ጠብቆ ለነዳና መንገዱን ላልሳተ ነው።

መኪናው አሁን ያለበት ሁኔታ፦ ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። የፊት ጎማዎቹ የሚታጠፉበት ኳስ በዘይት ርሷል። በሹፌሩ በኩል ባሌስትራው ወርዷል። ጎማው 7.50-16 ባለ ከመነዳሪ፣ ቸርኬው ቀለበት ያለው ነው።

ያማከርናቸው ሰዎች አራት ነገር ነግረውናል፦ ተርቦ ጨምሩ፣ ቴርሞስታቱን አውጡት፣ ረጅም ሻክል (ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያንጠለጥለው ብረት) አስገብታችሁ 10 ሳንቲ ሜትር አንሡት፣ የመገልበጫ መከላከያውን እዚሁ በሚገኝ ቱቦ አሠሩት። የትኛውን እንቀበል? ሥራውስ በምን ቅደም ተከተል ይሂድ?

ባሌስትራ

ከአራቱ አንዱንም አትቀበሉ። የቴርሞስታቱንና የቱቦውን ነገር የሚያውቁት ይመልሱላችኋል፤ እኔ ስለ ተርቦውና ስለ ሻክሉ ልንገራችሁ።

ቶዮታ ራሱ ይህን የሞተር ቤተሰብ በተርቦ ሲያወጣ ቱ ኤች ላይ ተርቦ ለጥፎ አልሸጠም፤ 12ኤች-ቲ ብሎ ናፍጣ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጭበት ሌላ ሞተር ነው የሠራው። አማካይ ፍጥነት በሚቆጠርበት ውድድር ደግሞ ተጨማሪ ጉልበት ነጥብ አያመጣም፤ የሚያመጣው ሙቀት ነው፤ የእናንተ መኪና ደግሞ ሙቀቱ አሁንም በዝቶበታል።

መጀመሪያ መኪናውን ባዶውን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አውጡት። ጠቅላላውን፣ ቀጥሎ የፊት አክሰሉን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ ጻፉ። ይህ ቁጥር ሳይኖር ባሌስትራም ሾክ አብዞርበርም መምረጥ አይቻልም። ቀጥሎ ሻንሲውን በግፊት ውኃ አጥባችሁ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አጽዱት። የጣና ዳር እርጥበት ዝገቱን ከጭቃው ሥር ያሳድገዋል፤ ከላይ ቀለም የሚመስለው ስትነኩት ይረግፋል። ስንጥቅ የምትፈልጉት የመሪው ሳጥን በታሰረበት ዙሪያ፣ በሾክ አብዞርበር ማሰሪያዎች፣ በኋላ ባሌስትራ ማንጠልጠያና በካምቢዮው ሥር ባለው መስቀለኛ ብረት ላይ ነው። በዓይን የማይታየውን ስንጥቅ ለማግኘት ላምባ ቀብታችሁ 15 ደቂቃ ቆዩ፤ በጨርቅ አድርቃችሁ ጠመኔ ፈጭታችሁ በትኑበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ጠመኔውን እያረጠበ ቀጭን መስመር ያወጣል።

ስንጥቅ ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ ከላይ አትበይዱ። የስንጥቁን ጫፍ በ5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱት፤ እዚያ ይቆማል። መስመሩን በፍሌክስ ቦርቡራችሁ በይዱ፤ ከዚያ በላዩ የብረት ሳህን ደርቡ። የሳህኑ ጫፍ እንደ ዓሣ ጭራ ወይም እንደ አልማዝ ሰያፍ ይሁን። ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ብረቱን እዚያው ስለሚያደክመው፣ ቀጣዩ ስንጥቅ የሚወጣው በዚያው መስመር ላይ ነው። ከብየዳ በፊት የባትሪውንና የዲናሞውን ገመድ ንቀሉ። የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ ብየዳም ፍሌክስም አይንካው፤ ከሊብሬው ጋር የማይነበብ ቁጥር ይዞ ድንበር መሻገር የለም።

ሻክልን በተመለከተ፦ ሻክሉን በ10 ሳንቲ ሜትር ስታስረዝሙት መኪናው የሚነሣው 5 ብቻ ነው፤ የባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ ነውና የወረደው። በዚህ መኪና የፊቱ ሻክል ያለው ከአክሰሉ ፊት ስለሆነ አክሰሉ ወደ ፊት ይደፋል፣ የመሪው ካስተር (መሪውን ወደ ቀጥታ የሚመልሰው ዘንበል) ይቀንሳል። ጥርጊያ ላይ በ80 ስትሄዱ መሪው አይመለስም፣ መኪናው ይቅበዘበዛል። የተሻለው በሚዛኑ ቁጥር ልክ የተሠሩ አዲስ ባሌስትራዎችን ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መቀየር ነው፤ ከፍታው ከዋናው 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። በወረደው በኩል አንድ ቅጠል ጨምሮ ማስተካከል አያዛልቅም፤ አንዱ ጎን ሲደርቅ ሌላው ይጎብጣል፣ ጭንቀቱ ወደ ሻንሲው ይሄዳል። የዩ ቅርጽ ብሎኖቹን ደግማችሁ አትጠቀሙባቸው፤ አንዴ የተሳቡ ናቸው። አዲሶቹን ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያ ከ500 በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። የሚላላ ብሎን የመሃል ብሎኑን ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ አክሰሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

የረጠበው ኳስ የሚናገረው የውስጡ የዘይት ማኅተም ማለቁን ነው። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ጁንቶው (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል ወደሚያስተላልፈው መጋጠሚያ) ገብቶ ግሪሱን አቅጥኖታል። ግራና ቀኙን ሁለቱንም ፍቱ። የሞዞው (የጎማው እምብርት) ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁልፉን ግዙ፣ በመዶሻና በቺዝል አትምቱት። ከላይና ከታች ያሉትን ስስ የማስተካከያ ቀለበቶች ከየትኛው ጎን እንደወጡ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከተቀላቀሉ የኳሱ መሃል ይስታል፣ አዲሱ ማኅተም በሳምንት ያልቃል። ጁንቶውን አጥባችሁ የኳሶቹን መሄጃ እዩ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ይቀየር። ግሪሱ ሞሊብዲነም ያለበት ይሁን፤ የኳሱን ቤት ሦስት አራተኛ ሙሉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ሐይቅ ዳር ላሉ መኪኖች ሁሉ ይጠቅማል። ከረጅም መንገድ እንደተመለሱ ዲፈረንሻሉ እንደጋለ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ በጣም ይጎዳል። ውስጡ ያለው አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውኃውን በማኅተሙ በኩል ይስባል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሁለቱን ዲፈረንሻሎች፣ የካምቢዮውንና የትራንስፈሩን መተንፈሻ በጎማ ቱቦ አስረዝማችሁ ከሞተሩ ክፍል የላይኛው ግድግዳ ላይ እሰሩ። በረሃ ላይም አቧራ እንዳይገባ ያደርጋል።

የፖምፓ_ቤት

ወደ ሞተሩ ልግባ።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 16 በመቶ ይሳሳል። ደብረ ታቦር 2700 ላይ ስትደርሱ የበለጠ ይሳሳል። ስለዚህ አቀበት ላይ ጥቂት ጭስ የተለመደ ነው። ለዚያ ብላችሁ የናፍጣ ፖምፓውን ማስተካከያ ብሎን አታዙሩ፤ ደጋ ላይ የቀነሳችሁትን ናፍጣ ቆላ ስትወርዱ፣ አየሩ ሙሉ ሲሆን፣ ትፈልጉታላችሁ።

ጭሱ በሜዳም ካለ ግን ሦስት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛ የአየር ፊልትሮ። ሁለተኛ የገቨርነሩ (የፖምፓው ናፍጣ መጣኝ) ዲያፍራም። የቱ ኤች ፖምፓ የሚታዘዘው በአየር መሳብ ነው፤ ከኋላው ያለው ስስ ዲያፍራም ሲደርቅ ወይም ሲቀደድ ፖምፓው ናፍጣ መቀነስ ያቅተዋል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ሚኒሞም አይይዝም። ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦውን ንቀሉ፣ የናፍጣ መቆጣጠሪያውን ዘንግ ወደ ማጥፊያው በኩል ገፍታችሁ ያዙት፣ የቱቦውን ቀዳዳ በጣት ድፈኑና ዘንጉን ልቀቁት። ባለበት ከቆየ ወይም በጣም በቀስታ ከተመለሰ ጤነኛ ነው፤ ወዲያው ከተወረወረ ተቀዷል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሁለት ገዝታችሁ አንዱን መለዋወጫ ሳጥን ውስጥ ያዙ። ሦስተኛ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎቹ፤ ስድስቱም መፈተኛ ማሽን ላይ ይታዩ፣ የሚያንጠባጥብ አንድ እንኳ አይመለስ፤ ፒስተን ይበሳል።

የጠዋቱ አስቸጋሪ አነሣስ ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ ፈትኗቸው። ስትቀይሩ በአካላቸው ላይ የተጻፈውን ቮልት ከድሮው ጋር አመሳክሩ፤ ቮልቱ ያነሰ ካንዴላ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠልና ጫፉ ተሰብሮ ወደ ማቃጠያ ክፍሉ ይወድቃል።

ቴርሞስታትን ስለ ማውጣት፦ ይህ ምክር በየጋራዡ ይሰማል፤ ስሕተት ነው። ባይፓስ ባለው ሞተር ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ የራዲያተሩን በር ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ባይፓሱን ይዘጋል። ካወጣችሁት ባይፓሱ ሁልጊዜ ክፍት ይሆንና ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ አይሞቅም፤ ጭነት ሲበዛ ደግሞ ይፈላል። አዲስ የ82 ዲግሪ አስገቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ፈትኑት፤ 82 አካባቢ መከፈት ሲጀምር ልታዩ ይገባል። እዚህ ውኃ 94 ገደማ ላይ ስለሚፈላ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ለማየት አትጠብቁ፤ ጥቂት አንቲፍሪዝ ከጨመራችሁበት ግን ይደርሳል።

የሙቀቱ ትክክለኛ መድኃኒት ራዲያተሩ ነው። ላይና ታቹ ይከፈት፣ ቱቦዎቹ በዘንግ ይጠረጉ፤ ከአሥር አንዱ ተደፍኖ ከተገኘ የመዳብ ቱቦዎቹ ያሉበት መሃሉ ይቀየር። የቬንቲላተሩ ዙሪያ ሽፋን ከጠፋ ከላሜራ አሠሩ፤ በእርሱ መኖርና አለመኖር መካከል ያለው ልዩነት አሸዋ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ስትሄዱ ይታያል፤ ያን ጊዜ ነፋስ የሚያመጣው ቬንቲላተሩ ብቻ ነውና። ክዳኑ 0.9 ባር የሚይዝ አዲስ ይሁን። የሐይቅ ወይም የጉድጓድ ውኃ አትሙሉ፤ የተጣራ ውኃና አንቲፍሪዝ እኩል በእኩል። በረዶ ባይኖርም አንቲፍሪዙ ቴስታታውን ከመበላት ያድናል፣ የመፍያ ሙቀቱንም ከፍ ያደርጋል።

አሁን ዋናው። በረሃ ላይ ቱ ኤችን የሚገድለው ከሙቀት ይልቅ አቧራ ነው። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ያለ የሚሊ ሜትር ክፍተት የፒስተኑን ፋሻና ሲሊንደሩን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከአቧራማ መንገድ መልስ ቱቦውን ፈትታችሁ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ መኪናው ከባሕር ዳር አይውጣ። የፊልትሮው ጎማ ከንፈር ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ፣ ያረጁ ማሰሪያዎችን ቀይሩ፣ አየር መሳቢያውን አቧራ የሚያሽከረክር ቅድመ ማጣሪያ ካለው ጋር ወደ ጣሪያው አውጡት።

ብየዳ_በ2.5

ስለ ቱቦው። እዚህ አልጋና በር የሚሠራበት ቱቦ ጎኑ ላይ የብየዳ ስፌት አለው፤ 2 ሚሊ ተብሎ የተሸጠው በካሊፐር ሲለካ 1.5 ይወጣል። ሲገለበጥ በስፌቱ ይከፈታል። የውኃ ጋልቫናይዝድ ቱቦም አይሆንም፤ ዚንኩ ብየዳውን ያበላሻል፣ ጭሱም በያጁን ይመርዛል።

የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን አባሪ ጄ አንቀጽ 253 የሚለው ግልጽ ነው፦ ያለ ስፌት በቅዝቃዜ የተሳበ የካርቦን ብረት፣ ጥንካሬው ቢያንስ 350 ኒውተን በሚሊ ሜትር ካሬ። ዋናው ቅስት 45 በ2.5 (ዲያሜትሩ በግድግዳው ውፍረት፣ በሚሊ ሜትር) ወይም 50 በ2፤ ሌሎቹ 38 በ2.5 ወይም 40 በ2። መታጠፊያው በቅዝቃዜ ነው፤ ራዲየሱ ከቱቦው ዲያሜትር ሦስት እጥፍ አይነስ፣ የተሸበሸበ ወይም የተጨፈለቀ ይጣል። አሸዋ ሞልቶ በእሳት ማጠፍ አይቻልም። እግሮቹ የሚያርፉበት ሳህን 3 ሚሊ ውፍረትና 120 ሳንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ይኑረው፤ ለእያንዳንዱ ዋና እግር ቢያንስ ሦስት ኤም 8 ብሎን፣ 8.8 የተጻፈበት። ብረቱን አዲስ አበባ ከሚያስመጡት ስትገዙ የፋብሪካ ወረቀቱን አብራችሁ ያዙ፤ ፈታሽ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እግሩን የት እንደሚያሳርፉት ነው። የዚህ መኪና አካል ከሻንሲው ጋር የተያያዘው በጎማ ትራስ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ግማሹን እግር ወለሉ ላይ ግማሹን ሻንሲው ላይ ብታስሩ ወለሉን ይቀዳል። ሁሉም እግር ወለሉ ላይ፣ በተቻለ መጠን ከጎማ ትራሶቹ በላይ ይሁን። ወለሉ የዛገ ከሆነ መጀመሪያ ወለሉ ይሠራ።

ኤፍጄ_ቤንዚን

ጣልቃ ገብቼ ልጠይቅ፤ ለኤፍጄ40 ባለ ቱ ኤፍ ቤንዚን የካርቡራተሩ ነገርስ? እዚህ በደንብ ይሠራል።

የፖምፓ_ቤት

እዚህ በደንብ መሥራቱ ነው ሥጋቱ። በናፍጣ ሞተር አየር ሲበዛ ጥቅም ነው፤ በካርቡራተር ግን ለ1800 ሜትር የተመረጠ ጂግሌር (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ባሕር ወለል ላይ ድብልቁን ወደ 8 በመቶ ያሳሳዋል። የሳሳ ድብልቅ ይግላል፣ ቫልቮላ ያቃጥላል። ጂግሌሩ 110 ከሆነ ቆላ ላይ 115 ገደማ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም ያዙ። ስትወርዱ ካንዴላውን ፍቱና እዩት፤ ነጭ ከሆነ ሳስቷል። የቤንዚን ቱቦውንም ከማርሚታው ራቅ አድርጉት፤ ከጋለ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና ሞተሩ ይጠፋል።

ፎገራ_አሸዋ

ጎማና መለኪያ ይቀራል።

7.50-16 ከነከመነዳሪው በዘመኑ መልክ ደስ ይላል፤ ግን አሸዋ ላይ አየር ስትቀንሱ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ከመነዳሪውን አብሮ ይጎትትና ቫልቩን ከሥሩ ይነቅለዋል። 235/85 አር 16 ያለ ከመነዳሪ፣ ቀለበት በሌለው ቸርኬ ይሻላል፤ ከፍታው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ባለ ቀለበቱን ከያዛችሁ ስትነፉ በሰንሰለት እሰሩት፣ ፊት ለፊቱ ማንም አይቁም። ይህን ለጎሚስታውም ንገሩት፤ ቀለበቱ ሲወረወር ሰው ይገድላል።

ግፊቱ ጎማው ሳይሞቅ የሚለካ ነው፦ አስፋልት ላይ 2.5 ባር አካባቢ፣ አሸዋ ላይ 1.2፣ ስትጣበቁ 0.8። በ0.8 መሪ በኃይል አትጠምዝዙ፤ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ለልምምድ ከወረታ አለፍ ብሎ ያለው የርብ ወንዝ አሸዋ በበጋ ጥሩ ነው፤ አሸዋ ከሚጭኑት ጋር ተነጋግራችሁ ግቡ። ጎማውና ቸርኬው ላይ በኖራ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መስመሩ ከተዛነፈ ጎማው እየተንሸራተተ ነው። የርብ አሸዋ ሻካራ ነው፣ ከሥሩም እርጥብ ስለሆነ ይሸከማል፤ የደረቀ የበረሃ አሸዋ ከዚያ የላላ መሆኑን አስባችሁ ለሞተሩ ሙቀት መጠባበቂያ ተዉ።

አሁን ነጥብ የሚያስገኘው፦ የርቀት መለኪያው። በ50 አማካይ አንድ ኪሎ ሜትር 72 ሰከንድ ነው፣ በ45 ደግሞ 80። መለኪያችሁ 1 በመቶ ቢሳሳት በ20 ኪሎ ሜትር ላይ 200 ሜትር ተሳስታችኋል፤ በ50 ሲታሰብ 14.4 ሰከንድ። ይህን በሞተር ጉልበት አትመልሱትም። ከወረታ መንገድ ቀጥ ያለ 5 ኪሎ ሜትር በጂፒኤስ ለክታችሁ መነሻና መድረሻውን ቀለም ቀቡ፤ በ2.5 ባር ሦስት ጊዜ፣ በ1.2 ባር ሦስት ጊዜ ሂዱበት፣ ሁለት የተለያየ የማረሚያ ቁጥር ጻፉ። አየር ሲቀንስ ጎማው በዙሩ የሚሄደው ርቀት ያንሳልና መለኪያው ከእውነቱ አብዝቶ ያሳያል፤ አሸዋ ላይ ጎማ ባዶውን ሲሽከረከርም እንዲሁ። ስለዚህ ረዳቱ በሮድቡኩ (የመንገድ መመሪያ መጽሐፉ) ላይ እርግጠኛ ምልክት ባገኘ ቁጥር መለኪያውን ያስተካክል።

ጣና_ዳር47

እግዜር ይስጥልን። ጨርቁን ዛሬ ሞከርን፤ ቡናማ ነው፤ ቱቦው ከማኒፎልዱ ጋር የሚገናኝበት ጎማ ተሰንጥቋል። ሻክሉም ተርቦውም ቀርቷል። የቀረን የነዳጅ መጠን ነው፦ ሁለተኛ ሰልባቲዮ ስንት ሊትር ይሁን? የት ይቀመጥ?

ባሌስትራ

ሒሳቡን ከአሸዋው ጀምሩ። ይህ ሞተር አሸዋ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ይበላል ብላችሁ ያዙ። ለ400 ኪሎ ሜትር 120 ሊትር፣ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 144። ናፍጣ በሊትር 0.84 ኪሎ ስለሆነ ይኸው 121 ኪሎ ነው፤ ጣሪያ ላይ በጀሪካን ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን ክብደት አይደለም፣ መኪናውን ይገለብጠዋል። የፋብሪካውን ሰልባቲዮ ሊትር ከ144 ቀንሱ፤ የቀረውን የሚይዝ ተጨማሪ ሰልባቲዮ ከ2 ሚሊ ላሜራ አሠርታችሁ ከኋላ አክሰሉ ፊት፣ በሻንሲው ሁለት ክንዶች መካከል እሰሩ። ውስጡ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ያለው ክፋይ ይኑረው፤ ከሌለው ናፍጣው እየተላተመ ብየዳውን ይከፍታል። መተንፈሻው ሲገለበጥ የሚዘጋ ቫልቭ ይኑረው። ከሁለቱ ሰልባቲዮዎች መቀያየሪያ በኋላ ውኃ የሚለይ ፊልትሮ ግጠሙ፤ በየማታው ከሥሩ ጥቂት አፍስሳችሁ በመስታወት እዩት። ሲሞላ ደግማችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፤ ባሌስትራውን የምታዙት በዚያን ቀን ቁጥር ነው።